ለስለግ ሾትገን በአነስተኛ ዋጋ ስኮፕ መምረጥ፦ ከሱቅ እስከ ዒላማ

ኦሃዮ ውስጥ የአጋዘን የጠብመንጃ ሳምንት የሚከፈተው ከታንክስጊቪንግ ቀጥሎ ባለው ሰኞ ነው። ጥቅምት ሲያልቅ ጀምሮ ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። ኮሎምበስና አካባቢው ያሉ ወንድሞች፣ ገሚሱ አገር ቤት ሳለ ጠብመንጃ ያነገተ፣ ገሚሱ እዚህ መጥቶ የአደን ትምህርቱን የወሰደ፣ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ሾትገኔ ላይ ስኮፕ ላስገጥም ነው፤ ስንት እጥፍ የሚያቀርብ ልግዛ?»

ስኮፕ ጠብመንጃ ላይ የሚታሰር ማነጣጠሪያ መነጽር ነው። እኔ ደግሞ መልሼ የምጠይቀው ስለ ርግጫው ነው። ስለግ የሚባለው አንድ ነጠላ ትልቅ አረር ያለው የሾትገን ጥይት ነው፤ ጌጅ ደግሞ የበርሜሉ ስፋት ልክ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ስፋቱ ይበልጣል። አንድ የ12 ጌጅ ስለግ ብዙውን ጊዜ አንድ አውንስ፣ ማለትም 28 ግራም ይመዝናል። የክላሽ ጥይት አረሩ 8 ግራም ገደማ ነው። ከሦስት እጥፍ በላይ የሚከብድ እርሳስ ሰባት ፓውንድ ገደማ ከሚመዝን ጠብመንጃ ሲወጣ፣ ሰደፉ ትከሻን ይመታል፤ ስኮፑም ምቱን ይጋራል፣ ወደ ዓይንም ይመጣል። ውስጡ ያሉት መነጽሮችና ቀጫጭን ምንጮች ይህን ምት በእያንዳንዱ ተኩስ ይቀበላሉ። ስለዚህ ስኮፕ ስትመርጡ በቅድሚያ የምታስቡት ምን ያህል እንደሚያቀርብ ሳይሆን ያንን ምት መቻሉን፣ ዓይናችሁንም ከምቱ ማራቁን ነው።

ይህን የተማርኩት ገንዘብ አውጥቼ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ለ22 ካሊበር ጠብመንጃ የተሠራ የ40 ዶላር ስኮፕ ገዛሁ። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ተኩሶች ደህና ነበሩ። ከዚያ ጥይቱ አንዴ ግራ፣ አንዴ ላይ መሄድ ጀመረ። ጥፋቱ የእጄ መስሎኝ ሦስት ፓኮ ሳቦ (አንድ የስለግ ዓይነት ነው) ጨረስኩ። እያንዳንዱ ፓኮ አምስት ጥይት ብቻ ይዞ ወደ ሃያ ዶላር የሚጠጋ ነው። ስኮፑ ውስጥ አንድ ነገር መላቀቁን ያወቅሁት ሳወዛውዘው ድምፅ ሲያሰማ ነው። ቅንድቤ ላይም እስከ ዛሬ የማይጠፋ ትንሽ ጠባሳ ቀርቷል። ርካሹ ስኮፕ በጥይት ብቻ ከራሱ ዋጋ በላይ አስወጣኝ።

ወደ ምርጫው ከመግባቴ በፊት ስለ ሕጉ አጭር ቃል። ኦሃዮ ውስጥ በጠብመንጃ ሳምንት ብርቱካናማ ልብስ ከላይ መልበስ ግዴታ ነው። ሾትገኑ ከሦስት ጥይት በላይ አይጎርስም። በሰው መሬት ላይ ለማደን የባለቤቱን የጽሑፍ ፈቃድ ያዙ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ጠብመንጃ መያዝ ይችላል፤ በጊዜያዊ ቪዛ ላይ ላለ ሰው ግን የፌዴራል ሕጉ ጥብቅ ገደብ ስላለው፣ የጓደኛን ጠብመንጃ እንኳ ከመንካቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር። በሌላ ስቴት ያላችሁ ደግሞ የራሳችሁን ስቴት የዓመቱን ደንብ አንብቡ፤ በየዓመቱ የሚለወጥ ነገር አይጠፋም።

አንደኛ፦ በርሜላችሁን እወቁ

ጠብመንጃው ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አረጋግጡ። ከዚያ በርሜሉን ፈታችሁ በባትሪ ውስጡን ተመልከቱ። ልሙጥ ሆኖ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ለወፍና ለዳክዬ የሚያገለግለው ዓይነት ነው። እየተጠማዘዘ የሚሄድ ቦይ ካያችሁ ለስለግ ተብሎ የተሠራ በርሜል ነው። የስኮፑ ምርጫ ግማሹ እዚህ ላይ ያልቃል።

ልሙጥ በርሜል የሚፈልገው ፎስተር የሚባለውን ስለግ ነው። ይህ ጥይት ከፊቱ ከባድ፣ ከኋላው ክፍት ስለሆነ ሳይሽከረከርም ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ዋጋውም ረከስ ይላል። ነገር ግን እምነት የሚጣልበት እስከ 50፣ ቢበዛ እስከ 75 ያርድ ድረስ ነው። በርሜሉ ጫፍ ላይ የሚጠመጠም ቾክ (የአፈሙዝ ማጥበቢያ) ካለው «ኢምፕሩቭድ ሲሊንደር» የሚለውን አድርጉበት፤ ጠባቡ ፉል ቾክ ተርኪ ለሚባለው ወፍ አደን ይቆይ።

ባለ ቦዩ በርሜል ደግሞ የሚወደው ሳቦን ነው። ሳቦ በፕላስቲክ ልባስ የታቀፈ፣ ከበርሜሉ ስፋት ያነሰ አረር ነው። ልባሱ ቦዩን ይዞ ይሽከረከራል፣ ከአፈሙዙ ሲወጣ ይራገፋል፣ አረሩ ብቻውን ይቀጥላል። በደንብ የተስተካከለ ጠብመንጃና የለመደ ተኳሽ ከተገናኙ 100 ያርድ ቀላል ነው፤ 150ም ይደረሳል። ሳቦን በልሙጥ በርሜል መተኮስ ግን ገንዘብ መበተን ነው፤ የሚያሽከረክረው ስለሌለ ይንገዳገዳል። ፎስተርን በቦይ ውስጥ ስትተኩሱ ደግሞ እርሳሱ ቦዩ ላይ ይለጠፍና ዒላማው ቀስ በቀስ ይበተናል።

ጠብመንጃውን ገና ያልገዛችሁ ከሆነ 20 ጌጅን አስቡበት። ሳቬጅ 220 የሚባለው ባለ ቦልት (በእጅ በሚሳብ መቀርቀሪያ የሚጎርስ) ጠብመንጃ 20 ጌጅ ነው፤ በርሜሉ ከመቆለፊያው ጋር አንድ ላይ ስለታሰረ በዒላማ ትክክለኛነቱ ስሙ የተመሰገነ ነው። ርግጫውም ለትከሻም ለስኮፕም ይቀላል። ኦሃዮ ከ2014 ጀምሮ ቀጥ ያለ፣ አንገቱ ያልጠበበ ቀለህ ያላቸውን ራይፍሎችም ለአጋዘን ፈቅዳለች፤ አዲስ ለሚጀምር ሰው ያም ጥሩ መንገድ ነው። ብዙዎቻችን ግን ቤት ያለን ሬሚንግተን 870 ወይም ሞስበርግ 500 የሚባል አንድ ፓምፕ ሾትገን (የፊት እጀታውን በመሳብ የሚጎርስ) ነው፤ ለነዚህም ለብቻው የሚሸጥ የስለግ በርሜል ይገኛል። የምጽፈው በዋናነት ለዚህ ሰው ነው።

ሁለተኛ፦ ስኮፑ ከዓይን የሚርቅበት ልክ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህ ይሁን። እያንዳንዱ ስኮፕ ሙሉ ምስል የሚያሳየው ዓይን ከኋላው መነጽር በተወሰነ ርቀት ላይ ሲሆን ነው። እዚህ አገር «አይ ሪሊፍ» ይሉታል። ሳጥኑ ላይ ወይም መመሪያው ውስጥ በኢንች ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

ለስለግ ሾትገን ከ3.5 ኢንች በታች የሆነውን መልሱት። 3.8 ወይም 4 ከሆነ ደስ ይበላችሁ። ለ22 ካሊበር የሚሠሩት ብዙዎቹ 3 ኢንች ገደማ ናቸው፤ ያ ጠብመንጃ ስለማይራገጥ ችግር የለበትም። በ12 ጌጅ ላይ ግን የስኮፑ ጠርዝ ቅንድብን እንደ ምላጭ ይቆርጣል።

አንዳንድ ሳጥን ላይ «3.1 – 4.0» ተብሎ ይጻፋል። የሚያቀርበው መጠን ሲጨምር ያ ርቀት ይቀንሳል ማለት ነው። ሻጩ ትልቁን ቁጥር ያነብላችኋል፤ እናንተ ትንሹን አንብቡ።

ሌላም አለ፤ ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ ስኮፑ ምስሉን የሚያሳየው በአንድ ጠባብ ነጥብ ላይ ብቻ ከሆነ፣ ዱር ውስጥ አጋዘኑ ብቅ ሲል ጥቁር ጥላ እየዞራችሁ ጭንቅላታችሁን ስታስተካክሉ እንስሳው ይሄዳል። ይህን ሱቅ ውስጥ መፈተን ይቻላል። ስኮፑን በእጃችሁ ይዛችሁ ጭንቅላታችሁን ትንሽ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ አድርጉ። ምስሉ ቶሎ የማይጨልመውን ምረጡ። ከብራንድ ስም ይልቅ ይህች የግማሽ ደቂቃ ፈተና ብዙ ትነግራችኋለች።

ሦስተኛ፦ ስንት እጥፍ ያቅርብ?

አሁን ወደሚወደደው ጥያቄ እንምጣ። የአጋዘን ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ 8 ኢንች ስፋት ያለው ክብ ነው፤ ትንሽ የእንጀራ ሰሃን አስቡ። በ75 ያርድ ላይ የቆመን አጋዘን በ4 እጥፍ ስታዩት ከ19 ያርድ የምታዩት ያህል ነው። ከዚህ በላይ ለምን ያስፈልጋል?

ብዙ የሚያቀርብ ስኮፕ ስፋት ይነሳል። በ9 እጥፍ ላይ 50 ያርድ ርቀት ላይ የሚታየው ስፋት ሁለት ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ አንድ አጋዘን ከነጭራው በጭንቅ የሚገባበት። በ2 እጥፍ ስድስት ሜትር ታያላችሁ። የኦሃዮ ዱር ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ የበቆሎ ማሳ ዳር ላይ ካልተቀመጣችሁ በስተቀር አጋዘኑን የምታዩት በዛፎች መሀል፣ እየተራመደ፣ በ40 ወይም በ60 ያርድ ነው። በ9 ላይ የተቀመጠ ስኮፕ ያነሳ ሰው የሚያየው ቅርፊት ነው። አንድ ወዳጄ በመጀመሪያው ዓመቱ እንዲሁ ሆኖበት፣ ከፊቱ የቆመውን እንስሳ ፈልጎ ሳያገኘው ሄደበት።

ምርጫዬ ግልጽ ነው። ለልሙጥ በርሜል ከ1.5 እስከ 4። ለባለ ቦይ በርሜል ከ2 እስከ 7። ከ3 እስከ 9 የሆነውም በየሱቁ የሚገኝ፣ ብዙ ጊዜም ቅናሽ የሚደረግበት ስለሆነ፣ የዓይን ርቀቱ ከ3.5 ኢንች በላይ ከሆነ ተቀባይነት አለው፤ በ3 ላይ አድርጋችሁ ብቻ ተራመዱ። አጋዘኑ ርቆ ከቆመና ጊዜ ከሰጣችሁ መጨመር ይቻላል፤ ቀርቦ ሲመጣ ግን ለመቀነስ ጊዜ የለም።

ቀዩ ነጥብ፣ ሬድ ዶት የሚሉት፣ የበራ ነጥብ የሚያሳይ ማነጣጠሪያ፣ ለልሙጥ በርሜል ጥሩ አማራጭ ነው። ዓይን ከየትም ቢያይ ይሠራል፤ ስለዚህ ቅንድብ አይጎዳም፣ ሁለት ዓይን ገልጦ መተኮስም ይቻላል። ጉድለቱ ስለማያቀርብ በጨለምለምታ ቀንድ ያለውንና የሌለውን መለየት ማስቸገሩ፣ ባትሪውም በብርድ ቶሎ መድከሙ ነው። አስቲግማቲዝም፣ ማለትም የዓይን ፊተኛ ገጽ ወጥ ያልሆነ ጉብጠት፣ ያለባቸው ሰዎች ነጥቡ ተሰነጣጥቆ ወይም ጭራ አውጥቶ ይታያቸዋል። ከመግዛታችሁ በፊት በራሳችሁ ዓይን እዩት።

አራተኛ፦ ብርሃን፣ መነጽር፣ መስቀል

ኦሃዮ ውስጥ የተፈቀደው ሰዓት ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት በፊት ይጀምራል፤ ከጠለቀች ግማሽ ሰዓት በኋላ ያበቃል። አጋዘኑም የሚንቀሳቀሰው በነዚያ ሁለት ግማሽ ሰዓቶች ነው። ስለዚህ ብርሃን ጉዳይ ነው። ነገር ግን ትልቅ መነጽር ሁሉ ብዙ ብርሃን አይሰጥም።

ስሌቱ ቀላል ነው። የፊተኛውን መነጽር ስፋት በምታቀርቡበት እጥፍ አካፍሉት። 32 ሚሊሜትር ለ4 ሲካፈል 8 ሚሊሜትር ነው። የወጣት ሰው ብሌን በጨለማ እስከ 7 ሚሊሜትር ገደማ ይከፈታል፤ በዕድሜ የገፋ ሰው ደግሞ ከዚያ ያንሳል። ስለዚህ በ4 እጥፍ ላይ 32 ሚሊሜትር መነጽር ዓይናችሁ ሊቀበል ከሚችለው በላይ ብርሃን ይሰጣል። ባለ 50 ሚሊሜትሩ ትልቅ ስኮፕ ለዚህ ጠብመንጃ ሸክም ብቻ ነው፤ ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥም ጉንጫችሁን ከሰደፉ ላይ ያስነሳል። ጉንጭ ካልተደገፈ ደግሞ ማነጣጠር አይጸናም።

በዚህ ዋጋ ውስጥ ልዩነት የሚያመጣው የመነጽሩ ሽፋን ነው። ሳጥኑ ላይ «ፉሊ መልቲ ኮትድ» የሚለውን ፈልጉ፤ ሁሉም መነጽሮች ተደራራቢ ሽፋን አላቸው ማለት ነው። ናይትሮጅን ወይም አርጎን የተሞላ፣ ውኃ የማያስገባ መሆኑንም እዩ፤ አለበለዚያ ውስጡ በጉም ይሸፈናል። ውጪውን ግን የትኛውም ስኮፕ ቢሆን ከሞቀ መኪና ወደ ብርድ ሲወጣ ጉም ይይዘዋል። ጠብመንጃውን ከኋላ ሻንጣ ማስቀመጫ ውስጥ አድርጋችሁ ከሄዳችሁ ይህ ይቀንሳል።

ፓራላክስ ስለሚባለው፣ ማለትም ዓይን ከመሀል ሲወጣ ማነጣጠሪያው ዒላማው ላይ የሚንሸራተት ስለመምሰሉ፣ ብዙ ይወራል። ተራ ስኮፖች ለ100 ያርድ፣ «ለሾትገን» ተብለው የሚሸጡት ደግሞ ለ50 ወይም ለ75 ያርድ ይስተካከላሉ። ስሌቱን ብታደርጉት፣ ለ100 ያርድ የተስተካከለ ባለ 40 ሚሊሜትር ስኮፕ በ50 ያርድ ላይ፣ ዓይናችሁ ጠርዝ ላይ ሆኖ እንኳ፣ የሚያሳስተው ከግማሽ ኢንች ያነሰ ነው። በ8 ኢንች ክብ ውስጥ ይህ ምንም ነው። «ለሾትገን» የሚለው ጽሑፍ ተጨማሪ ገንዘብ ካስከፈለ እለፉት፤ በዚያው ዋጋ ከሆነ ውሰዱት።

መስቀሉ፣ ማለትም ስኮፑ ውስጥ የሚታየው የማነጣጠሪያ መስመር፣ ዳሩ ወፍራም፣ መሀሉ ቀጭን የሆነው ተራው ዱፕሌክስ ይበቃል፤ ወፍራሙ መስመር በጨለምለምታ ዓይንን ወደ መሀል ይመራል። ከመሀሉ በታች ክቦች ያሏቸው፣ ለስለግ የተሠሩ መስቀሎችም አሉ። ኒኮን ስለግሃንተር የሚባል ነበረው፤ ኩባንያው የጠብመንጃ ስኮፕ መሥራት ቢያቆምም አሮጌዎቹ በሁለተኛ እጅ ይገኛሉ። ክቦቹ የሚሠሩት ለአንድ ዓይነት ፍጥነት ስለሆነ በራሳችሁ ጥይት ካልፈተናችኋቸው አትመኗቸው።

አምስተኛ፦ ገንዘቡን አከፋፍሉ

ለሁሉም ነገር 300 ዶላር አለኝ ለሚለኝ ሰው የምነግረው ይህ ነው፦ ለስኮፑ ከ150 እስከ 180፣ ለመቀመጫውና ስኮፑን ለሚይዙት ቀለበቶች 50 ገደማ፣ ቀሪው ለጥይት። ብዙ ሰው 280 ለስኮፑ አውጥቶ በ12 ዶላር ቀለበት ያስራል፤ ጥይትም አንድ ፓኮ ብቻ ይገዛል። ያ ሰው አጋዘን ይስታል።

ከ100 ዶላር በታች የቡሽኔል ባነርን የመሳሰሉ አሉ። ለ20 ጌጅና ለፎስተር በቂ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የዓይን ርቀታቸውን ግን ሞዴል በሞዴል አንብቡ። እኔ በዚህ ዋጋ ለ12 ጌጅ ሳቦ አልገዛም። ከ100 እስከ 200 ባለው ውስጥ ቮርቴክስ ክሮስፋየር 2፣ ከ2 እስከ 7፣ ባለ 32 ሚሊሜትር የሆነው ለዚህ ሥራ የተሰፋ ያህል ነው፤ የዓይን ርቀቱ 3.9 ኢንች ነው። ከዋስትናው የተነሳም እመርጠዋለሁ። ኩባንያው ደረሰኝ ሳይጠይቅ፣ መጀመሪያ የገዛው ማን እንደሆነ ሳይመረምር ይጠግናል ወይም ይቀይራል። ትንሽ ከጨመራችሁ ሉፖልድ ቪኤክስ ፍሪደም ላይ ትደርሳላችሁ፤ ቀላል፣ ጠንካራ፣ በማለዳ ጥርት ብሎ የሚታይ ነው። የሉፖልድ ዋስትናም ከስኮፑ ጋር ይሄዳል፤ ስለዚህ አሮጌ ሉፖልድ ከታመነ ሰው በሁለተኛ እጅ መግዛት ብዙ ጊዜ ከአዲስ ርካሽ ይሻላል።

ኢንተርኔት ላይ በግማሽ ዋጋ የሚሸጥ ታዋቂ ስም ካያችሁ ተጠንቀቁ፤ አስመስለው የሚሠሩ አሉ። የተፈቀደለት ሻጭ መሆኑን ከኩባንያው ገጽ ላይ አረጋግጡ።

ስድስተኛ፦ የት ላይ ይቀመጣል?

ይህ ብዙ ሰው የሚዘለው ክፍል ነው፤ እኔ ግን ከስኮፑ እኩል አየዋለሁ። በፓምፕ ሾትገን ላይ በርሜሉ ከአካሉ ጋር በጥብቅ የታሰረ አይደለም። ለማጽዳት በቀላሉ እንዲወጣ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ በእጅ ስትይዙት ጥቂት ይነቃነቃል። ስኮፑ አካሉ ላይ፣ ጥይቱ ደግሞ በሚነቃነቅ በርሜል ውስጥ ከሆነ፣ ሁለቱ በእያንዳንዱ ተኩስ ትንሽ ይለያያሉ።

መፍትሔው ካንቲሌቨር ነው። ከበርሜሉ ጋር ተበይዶ ወደ ኋላ፣ ከአካሉ በላይ የሚዘረጋ ሬይል፣ ማለትም ስኮፕ የሚታሰርበት ሐዲድ፣ ነው። ስኮፑ በርሜሉ ላይ ስለሚታሰር አብረው ይንቀሳቀሳሉ። በርሜሉን ፈትታችሁ ብትመልሱትም ማስተካከያው ብዙ አይዛነፍም። የስለግ በርሜል የምትገዙ ከሆነ ካንቲሌቨር ያለውን ግዙ፤ በጥቂት ዶላር ልዩነት ብዙ ጥይት ያተርፋችኋል።

ካንቲሌቨር ከሌላችሁ ሞስበርግ 500 ከፋብሪካው ጀምሮ አካሉ ላይ የብሎን ቀዳዳ አለው፤ ሬይል ማሰር ቀላል ነው። ብዙ የቆዩ 870ዎች ቀዳዳ የላቸውም፤ ጠብመንጃ ሠሪ ጋ ወስዳችሁ አስበሱ። በጎንና በጎን እንደ ኮርቻ የሚቀመጠው ሦስተኛው ዓይነት ለቀይ ነጥብ ይሆናል፤ ለከባድ ስኮፕና ለሳቦ ግን አልመክረውም፣ በጊዜ ብዛት ይላላል።

ቀለበቶቹ የስኮፑ ቱቦ የሚያህሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ኢንች፣ ስኮፑ በርሜሉን ሳይነካ የሚችለውን ያህል ዝቅ የሚያደርጉ ይሁኑ። የሾትገን ሰደፍ የተቀረጸው በርሜሉ ጫፍ ላይ ያለችውን ትንሽ ፍሬ ለማየት ነው፤ ስኮፕ ደግሞ ከዚያ ከፍ ይላል። ጉንጫችሁ ካልደረሰ ሰደፉ ላይ የሚታሰር የጉንጭ ትራስ ግዙ።

ሰባተኛ፦ አገጣጠም

የአደን ካፖርታችሁን ልበሱ። አዎ፣ ቤት ውስጥ። ወፍራም ልብስ ጠብመንጃውን ወደፊት ስለሚገፋው በቲሸርት የተስተካከለ ስኮፕ በኅዳር ብርድ ላይ ይርቃችኋል። ጠብመንጃው ባዶ መሆኑን ዳግም አይታችሁ ዓይናችሁን ጨፍኑ፤ ሰደፉን ትከሻ ላይ አድርጋችሁ ጉንጫችሁን አሳርፉ፤ አሁን ዓይናችሁን ግለጡ። ምስሉ ሙሉ ሆኖ ካልታያችሁ ስኮፑን ወደፊት ወይም ወደ ኋላ አንሸራትቱት። ስኮፑ ትልቁ እጥፍ ላይ ሆኖ ይህን ደጋግሙ። ሲጠራጠሩ ወደፊት ማራቅ ይሻላል።

የሬይሉን ብሎኖች ከዘይት አጽዱና ሰማያዊውን የብሎን ማጣበቂያ አንድ ጠብታ አድርጉባቸው፤ ቀዩን አትጠቀሙ፣ አይፈታላችሁም። የቀለበቶቹን ብሎኖች ግን ደረቅ አድርጋችሁ፣ እያፈራረቃችሁ፣ ከ15 እስከ 18 ኢንች ፓውንድ ድረስ አጥብቁ። መለኪያ ያለው መፍቻ ተዋሱ፤ በክንድ ጉልበት የጠበቀ ቀለበት ቱቦውን ይጨፈልቃል።

መስቀሉ ቀጥ እንዲል ግንበኛ እንደሚያደርገው ቱንቢ ስቀሉ። ክር ጫፍ ላይ ክብደት አስራችሁ አጥር ላይ አንጠልጥሉ፤ ጠብመንጃውን ቀጥ አድርጋችሁ ደግፉ፤ ቋሚው መስመር ክሩን እስኪገጥም ስኮፑን አዙሩ። ሲጠናቀቅ በቀለበቱና በቱቦው መገናኛ ላይ በጥፍር ቀለም አንድ ሰረዝ አድርጉ። ነገ ቢንሸራተት ሰረዙ ይነግራችኋል።

ስምንተኛ፦ ዒላማ ላይ ማስተካከል

ጥይት ከማባከን በፊት ነፃ የሆነ ሥራ አለ። ካንቲሌቨር ያለው በርሜል ከስኮፑ ጋር አብሮ ስለሚወጣ፣ በርሜሉን ፈትታችሁ አሸዋ ከረጢት ላይ አስቀምጡት። በበርሜሉ ቀዳዳ ውስጥ አይታችሁ 25 ያርድ ላይ ያለውን ዒላማ መሀል አድርጉ። በርሜሉን ሳታንቀሳቅሱ በስኮፑ ውስጥ እዩና መስቀሉን ወደዚያው ነጥብ አምጡት። ሳቬጅ 220 ከሆነ ቦልቱን አውጥታችሁ ከኋላ ማየት ነው። በዚህ መንገድ የመጀመሪያው ጥይት ወረቀቱን መምታቱ አይቀርም።

ስኮፑ በአንድ ጠቅታ የሚንቀሳቀሰው ብዙውን ጊዜ በ100 ያርድ ላይ ሩብ ኢንች ነው። በ100 ያርድ አንድ ኢንች ለማዛወር 4 ጠቅታ፣ በ50 ያርድ 8፣ በ25 ያርድ 16 ያስፈልጋል። ብዙ ሰው በ50 ያርድ ላይ 4 ጠቅታ አድርጎ «ስኮፑ አይሠራም» ይላል።

በ25 ያርድ አንድ ጥይት ተኩሱና አስተካክሉ፤ ሌላ ጨምሩ። ከዚያ 50 ያርድ ላይ ሦስት ሦስት ጥይት ተኩሱ፤ የሦስቱን መሀል አይታችሁ አንቀሳቅሱ። በአንድ ጥይት ተመርታችሁ ጠቅ ጠቅ አታድርጉ። በርሜሉ በሦስቱ መሀል ይቀዝቅዝ። ጠረጴዛ ላይ ተጎንብሶ መተኮስ ትከሻንም ቅንድብንም ይጎዳል፤ ቀና ብላችሁ ተቀመጡ፣ በሰደፉና በትከሻ መሀል ትራስ አድርጉ። ትከሻችሁ ከደከመ ሥራውን ለሌላ ቀን አቆዩት። የፈራ ትከሻ ቃታውን ይነጥቃል፤ ያን ጊዜ የምታስተካክሉት ስኮፑን ሳይሆን ፍርሃታችሁን ነው።

ፎስተር የምትተኩሱ ከሆነ በ50 ያርድ መሀል ላይ አድርጉት። በ100 ያርድ ላይ ከ4 እስከ 5 ኢንች ይወርዳል፤ የክቡ ጫፍ ላይ ነው፣ ስለዚህ 75 ድንበራችሁ ይሁን። ፈጣን ሳቦ ከሆነ በ100 ያርድ መሀል አድርጉት፤ በ50 ላይ አንድ ኢንች እንኳ አይሞላም ከፍታው፣ በ150 ላይ ደግሞ 5 ኢንች ገደማ ይወርዳል። እነዚህ ግምቶች ናቸው። የእናንተ በርሜል የሚለውን ወረቀቱ ላይ እዩ።

ሳቦ ብዙ ዓይነት አለው፤ በርሜሎችም አንዱን ወደው ሌላውን ይጠላሉ። ሦስት ዓይነት በየአንድ ፓኮ ገዝታችሁ ሞክሩ። አንዱ በ4 ኢንች፣ ሌላው በ10 ኢንች ቢበተን አትደነቁ። የተሻለውን ካገኛችሁ ከዚያው ለሁለት ዓመት የሚሆን ግዙ።

ለዚህ ሁሉ መድከማችን ምክንያት አለው። ሆዱን የተመታ አጋዘን ለሰዓታት ይሠቃያል፤ ሥጋውም ይበላሻል። የጠብመንጃው ሳምንት ሁልጊዜ ጾመ ነቢያት ውስጥ ስለሚውል፣ ለምንጾም ሰዎች ሥጋው ፍሪዘር ውስጥ ገናን ይጠብቃል። ሳንባው ላይ በንጽሕና የተመታ፣ ቶሎ የተበለተ የአጋዘን ሥጋ በገና ጥብስ ሲሆን፣ ቋንጣም ሲሰቀል ልዩነቱ ይታወቃል።

አንድ ነገር በጥብቅ እለምናችኋለሁ። ስኮፕ የርቀት ማያ መነጽር አይደለም። ቁጥቋጦ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ባያችሁ ቁጥር ጠብመንጃውን ካነሳችሁ፣ አንድ ቀን መስቀሉ ሰው ደረት ላይ ያርፋል። በ30 ዶላር የምትገኝ ትንሽ ባይኖኩላር አንገታችሁ ላይ ትንጠልጠል፤ አጋዘን መሆኑን በእሷ ለዩ፣ ከጀርባው ያለውንም እዩ፣ ከዚያ ጠብመንጃውን አንሡ።

ከመክፈቻው ሰኞ በፊት ባለው ቅዳሜ 50 ያርድ ላይ ቀዝቃዛ በርሜል ይዛችሁ አንድ ጥይት ብቻ ተኩሱ። ባለፈው ያረፈበት ካረፈ ጠብመንጃውን ጠቅልላችሁ ወደ ቤት ሂዱ። ካልሆነ የቀለም ሰረዞቹን፣ ከዚያ የሬይሉን ብሎኖች እዩ፤ ስኮፑን መጨረሻ ጠርጥሩት። የጥይቱን ስም፣ ያስተካከላችሁበትን ርቀትና በ100 ያርድ የሚወርደውን ኢንች በፕላስተር ላይ ጽፋችሁ ሰደፉ ላይ ለጥፉ።